ከመጠይቁ ኅዳግ

ከደጋ የወረደ መጠይቅ በጠረኑ ይታወቅ ነበር። በጨንቻ ወይም በዲታ፣ ምድጃው መሐል ቤት በሚነድበት ጎጆ ውስጥ የተሞላ ወረቀት የእንጨት ጭስ ይሸታል፤ መንገድ ላይ ዝናብ ካገኘው ደግሞ ሻጋታ ይጨመርበታል። ከቆላው፣ ከጫኖና ከምዕራብ ዓባያ በኩል የመጣው አቧራ አቧራ ይላል፤ አልፎ አልፎም መኪናው ላይ አብሮት የተጫነው የሙዝ ሽታ ይከተለዋል። ካርቶኑን ፈትቶ ይህን ሁሉ የሚያሸተው የመጀመሪያው ሰው ብዙ ጊዜ ተመራማሪው አልነበረም። ከክፍል መልስ ለጥቂት ሰዓት የተቀጠረ የኮምፒውተር ተማሪ ነበር።

የዚህ ተማሪ ሥራ በወረቀት ላይ የሰፈረው የልጆች ኑሮ ወደ ኮምፒውተር የሚገባበትን ፕሮግራም መጻፍ ነው። ስንት እህትና ወንድም አላት? ስንተኛ ክፍል ነው? ትናንት ቁርስ በልቷል? የራሷ መጽሐፍ አላት? ለእያንዳንዱ ጥያቄ ስክሪኑ ላይ ሳጥን ያበጃል፤ ለእያንዳንዱ ሳጥንም የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን መልስ ይወስናል። ጥናቱ ሲታተም ከተጠቀሰ የሚጠቀሰው በምስጋናው አንቀጽ መጨረሻ ላይ ነው፤ ያውም ስሙ ተጠርቶ ሳይሆን «ለዳታ ክለርኮች በሙሉ» በሚለው ጅምላ ውስጥ ገብቶ። ይሁን እንጂ ስለ ጋሞ ልጆች ምን እንደሚታወቅና ምን ሳይታወቅ እንደሚቀር ከወሰኑት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

አርባ ምንጭ ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸችው ቀስ በቀስ ነው። በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የአርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ ስሙ እንደሚለው፣ የውሃ ነገር ቤት ነበር፤ እዚያ የሚሰላው የመስኖና የግድብ ጉዳይ እንጂ የልጆች ኑሮ አልነበረም። በዚያው ዓመት ግድም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራ ቤት ለቤት ልደትና ሞት መመዝገብ ጀምሮ ነበር። በኋላ በጎንደር፣ በጅማ፣ በሐረማያና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር የተከፈቱት ጣቢያዎች የዚያ የቡታጅራው ታናናሾች ናቸው። የአርባ ምንጩ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ጤናውም፣ ትምህርቱም፣ ማኅበራዊ ሳይንሱም ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ተቋቋመ። ልደቱን፣ ሞቱን፣ ጋብቻውንና ስደቱን ከየቤቱ እየለቀመ በየጊዜው የሚመዘግብ ነው። ከጣቢያው ውጭም መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በየትምህርት ቤቱ መጠይቅ ይዘው መግባታቸው እየተለመደ ሄደ። ርእሱ የሆድ ትላትል ይሆናል፤ የምገባ ነገር ይሆናል፤ ከትምህርት ገበታ መቅረት ይሆናል። ሁሉም የሚያበቃው ካርቶን ሙሉ ወረቀት ላይ ነው። ያን ጊዜ ነው ኮምፒውተር የሚችል ልጅ የሚፈለገው።

ቅጥሩ ማስታወቂያ አይወጣበትም። አንድ መምህር ለሌላው መምህር «ጎበዝ ልጅ አለኝ» ይለዋል፤ ልጁ ተመራቂ (ጂሲ) ወይም ሦስተኛ ዓመት ይሆናል፤ ነገሩ ሻይ ላይ ይጨረሳል። ክፍያው ለፕሮግራሙ አንድ ጊዜ፣ ለማስገባቱ ደግሞ በመጠይቅ ቁጥር ነው። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በሙሉ እንደሚታወቀው፣ ገንዘቡ ከሥራው በጣም ዘግይቶ ይደርሳል። እስኪደርስ ድረስ በተማሪዎች ካፌ የሚመገብ፣ ፎቶ ኮፒ የሚያስነሳበት ሳንቲም የሚቸግረው ልጅ ነው እንግዲህ «ቤተሰቡ ባለፈው ወር ስንት ብር አወጣ?» ለሚለው ጥያቄ ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ገደብ የሚያስቀምጠው። ገደቡን የሚገምተው ከራሱ ቤት ተነሥቶ መሆኑ አያስደንቅም።

ክፍሉ ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ነበር ማለት ይቻላል። የአርባ ምንጭ ሙቀት ቀትር ላይ ሲበረታ፣ ወገባቸው የሰፋ የድሮ ስክሪኖች የራሳቸውን ሙቀት ይጨምሩበታል፤ ቬንትሌተሩ ወረቀት ስለሚበትን በየካርቶኑ ላይ ድንጋይ ይጫናል። መብራት ሲሄድ ዩፒኤሱ ይጮኻል፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ሴቭ ለማድረግ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ማታ መስኮት ከተከፈተ ወባ ትንኝ፣ ከተዘጋ እንፋሎት። ሥራው በፍላሽ ከክፍል ወደ ዶርም፣ ከዶርም ወደ ላብ ሲመላለስ ቫይረስም አብሮ ይመላለሳል፤ ፋይሎቹን ሁሉ ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ምስል ብቻ የሚያሳየው ቫይረስ የስንቱን ሳምንት ድካም እንዳስቀረ የዚያን ዘመን ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

መሣሪያዎቹ በአብዛኛው በነፃ የሚገኙ ነበሩ። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ያወጣው ኤፒ ኢንፎ፣ ከዴንማርክ የመጣው ኤፒዳታ፣ የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የሚያድለው ሲኤስፕሮ በየኮምፒውተሩ ነበሩ፤ ትንሽ የሚደፍረው ተማሪ ደግሞ በአክሰስና በቪዥዋል ቤዚክ የራሱን ይሠራል። ፕሮግራሙ ሦስት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛው ከገደብ ውጭ የሆነ ቁጥር አለመቀበል ነው። ሁለተኛው «ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም» ለተባለ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደሆነ አለመጠየቅ፣ ማለትም መዝለል። ሦስተኛው ሁለት ክለርኮች አንዱን መጠይቅ ለየብቻ ሲያስገቡ ልዩነታቸውን ማውጣት ነው። የመጨረሻው አሰልቺ ሥራ ነበር፤ ግን የሰው ጣት ምን ያህል እንደሚስት ያሳየው እሱ ነው። «አላውቅም» ለሚለው መልስ 99 የሚሰጥበት ልማድም የራሱን ጣጣ ያመጣል። ኮዱን ከስሌት ማውጣት የተረሳ እንደሆነ፣ ስለ እናቱ ዕድሜ «አላውቅም» ያለ ልጅ ሁሉ የ99 ዓመት እናት ይኖረዋል፤ የወረዳው እናቶች አማካይ ዕድሜም ሳይታሰብ ሽቅብ ይወጣል።

ከሁሉ የከበደው ግን ዕድሜ ነው። በጋሞ መንደሮች የልደት ቀን በወረቀት የያዘ ቤተሰብ ጥቂት ነበር። እናት የልጇን ዕድሜ የምትቆጥረው በመስቀል ነው፤ መስቀል ለጋሞ ሰው የዓመት መለወጫው፣ ከአገር የወጣ ሁሉ ወደ ቤቱ የሚመለስበት በዓል ነውና። ስለዚህ መረጃ ሰብሳቢዎች የክስተቶች ሰንጠረዥ ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ደርግ ሲወድቅ ተወልዶ ነበር? በባድመው ጦርነት ጊዜ ታዝሎ ነበር ወይስ ይሄድ ነበር? ሚሊኒየሙ ሲከበርስ? በዚህ መንገድ ወርና ዓመት ይገኛል። የተገኘው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ነው የጀማሪ ተማሪ ሥራና የበሰለ ተማሪ ሥራ የሚለየው። ጀማሪው ዓመቱ ላይ 8 ደምሮ ያልፋል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ልዩነቱ 7 ስለሆነ፣ በነዚህ ወራት የተወለዱት ልጆች ሁሉ በአንድ ዓመት ያንሳሉ። ከዚያም ጳጉሜን ይመጣል። ወር ሲባል እስከ 12 ብቻ የሚቀበል ሳጥን 13 ሲጻፍበት ቀይ ይሆናል፤ ክለርኩም መገላገያ ሲፈልግ የጳጉሜን 3ቱን ልጅ ነሐሴ 30 ያደርገዋል፣ ወይም መስከረም 1። የመጀመሪያው ጥፋት በቀናት ይቆጠራል፤ ሁለተኛው ግን ልጁን ወደሚቀጥለው ዓመት ያሻግረዋል። ለምግብ ጥናት፣ ቁመትና ክብደት በወር ዕድሜ በሚለካበት ሠንጠረዥ ላይ፣ ዕድሜው የተዛባ ልጅ ደህና ሆኖ ሳለ ቀንጫራ ይባላል፤ ቀንጭሮ ሳለም ደህና ይባላል። በሥራ ጉዳይም እንደዚሁ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 14 ዓመት አድርጎት ነበር፤ የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ 15 አደረገው። አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ለሸማ ሥራ የተወሰደ ልጅ በሕግ ፊት ለሥራ የደረሰ መሆን አለመሆኑ በዚያች በአንድ ዓመት ላይ ይንጠለጠላል። ጳጉሜንን የሚቀበል ንዑስ ፕሮግራም በትክክል የጻፈ ተማሪ ያንን ፋይል ለታናናሾቹ ያወርስ ነበር፤ ከጥናት ወደ ጥናት፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተገለበጠ፣ የጻፈው ሰው ተመርቆ ከሄደ በኋላም ሲሠራ ይኖራል።

ቋንቋውም እንደ ዘመኑ ድርብርብ ነበር። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ተረቅቆ በአማርኛ ይተረጎማል፤ መረጃ ሰብሳቢው ደጃፍ ላይ ቆሞ በጋሞኛ ይጠይቃል፤ መልሱን በአማርኛ ያሰፍረዋል፤ ተማሪው ደግሞ በእንግሊዝኛ ኮድ ይሰጠዋል። ልጁ ራሱ በትምህርት ቤት ይማርበት የነበረው ጋሞኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነበር። የቋንቋ ነገር በዚህ አካባቢ ቀላል ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። በ1992 ዓ.ም. የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች «ወጋጎዳ» በሚል አንድ የመማሪያ መጽሐፍ ለመጠቅለል ሲሞከር ወላይታ ሶዶ ላይ ብጥብጥ ተነሥቶ፣ ሰው ሞቶ፣ መጽሐፎቹ ተሰብስበዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገር አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያ ክፍሎች የማንበብ ችሎታ ሲመዘን፣ ምዘናው የተካሄደው በስድስት ቋንቋዎች ነበር፤ ብዙ የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ያን ጊዜ ትልቅ ወሬ ሆነ። ጋሞኛ ከስድስቱ አንዱ አልነበረም። ስለዚህ የጋሞ ልጅ ማንበብ መቻሉን ለማወቅ የፈለገ የአካባቢው ጥናት ፈተናውንም፣ ፕሮግራሙንም ከባዶ መጀመር ነበረበት።

ስም ሌላ ፈተና ነው። አንድን ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ መልሶ ለማግኘት ስሙን ከድሮው መዝገብ ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል። ድሮ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ስም ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደላት ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን ቢቀበልም፣ በየቢሮው እስኪለመድ ዓመታት ወስዷል። ከተለመደ በኋላም «ሠ» እና «ሰ»፣ «ሐ» እና «ሀ» አንድን ሰው ሁለት ያደርጉታል። ተማሪዎቹ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ የሚመልስ ትንሽ ፕሮግራም ይጽፉ ነበር፤ ለሊቃውንት የሚያስቆጣ፣ ለመዝገብ ግን የግድ የሆነ ሥራ። ትምህርት ቤት ሲገባ አዲስ ስም ለወጣለት ልጅ ግን ይህም አያድነውም።

የልጆች ጥናት ሲነሣ በኢትዮጵያ ቀድሞ የሚጠራው ያንግ ላይቭስ ነው። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2002 ሲጀመር በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ወደ 12 ሺህ ልጆችን ይዞ ተነሣ። ከነዚህ 3 ሺህ ያህሉ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል በ20 ቦታዎች ይኖሩ ነበር። ወደ እነሱ በየተወሰነ ዓመት እየተመለሱ ይጠይቋቸዋል፤ የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ የራሳቸውን ልጆች የወለዱም አሉ። ከዚያ ጥናት የተቀዳ ወይም የተኮረጀ ጥያቄ በብዙ የዩኒቨርሲቲ መጠይቆች ውስጥ ይገኛል። የቃላት ፈተናው አንዱ ነው። አራት ሥዕል ይቀርባል፤ ቃል ይጠራል፤ ልጁ በጣቱ ያሳያል፤ በአንድ ምድብ ካሉት 12 ቃላት 8ቱን ከሳተ ፈተናው ይቆማል። በወረቀት ዘመን ቆጠራው ለጠያቂው የተተወ ስለነበር፣ አንዳንዱ በስሌት ስቶ፣ አንዳንዱ በርኅራኄ «አንድ ልጨምርለት» እያለ ይቀጥላል። ፕሮግራሙ ርኅራኄውን አወቀበት፤ ትርፍ መልሶቹን ቆርጦ ጣላቸው።

ሁለተኛው የሰዓት ጥያቄ ነው። ልጁ በተለመደ ቀን በእንቅልፍ፣ ሌላ ሰው በመንከባከብ፣ በቤት ሥራ፣ በእርሻ፣ በቅጥር ሥራ፣ በትምህርት ቤት፣ በጥናትና በጨዋታ ስንት ስንት ሰዓት ያሳልፋል? ድምሩ 24 መሆን አለበት። በፕሮግራም አንድ መስመር ናት፤ ድምሩ 24 ካልሆነ አትቀበል። የጋሞ ልጅ ቀን ግን በዚህች መስመር አይገባም። ውኃ የምትቀዳ ልጅ ታናሿን አዝላ ነው የምትሄደው፤ ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጽሐፉን ይዞ ነው የሚወጣው። በዶርዜ አባት ሸማ ዘርግቶ ይሠራል፣ እናት ትፈትላለች፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ማግ በቀሰም ላይ ይጠቀልላል፤ የጎረቤት ልጅ መጥቶ ማን ቶሎ ይጨርሳል እያሉ ሲሽቀዳደሙ ደግሞ ሥራውና ጨዋታው አንድ ይሆናል። መረጃ ሰብሳቢው የሰማውን በሐቅ ሲጽፍ ድምሩ 26፣ አንዳንዴ 28 ይመጣል። ክለርኳ ቁጥሩን ስታስገባ ማሽኑ ይጮኻል።

«ቲቸር፣ 26 ሰዓት አልቀበልም አለኝ።»

«ጨዋታውን ቀንሺው።»

ይህ ንግግር በየጥናቱ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ የሚቆጥረው የለም። ለምን ጨዋታ? እንቅልፍን መቀነስ ልጁን ያሳምመዋል፤ ትምህርት ቤትን መቀነስ የጥናቱን ጉዳይ ይነካል፤ ሥራን መቀነስ ደግሞ ሊታይ የተፈለገውን ነገር ይደብቃል። የማይጮኸው ጨዋታ ነው። በዚህ መንገድ ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ የሠሩ ልጆች ጨዋታ የማያውቁ ሆነው ይመዘገባሉ። ሪፖርቱን ያነበበ ሰው ይህን የድህነት ምልክት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም፤ በከፊል እውነት ነውና። የቀረው ክፍል ግን የ24ቷ መስመር ሥራ ነው። በኋላ አንዳንድ ብልኅ ተማሪዎች መፍትሔ አበጁ፤ ዋናው ሥራ በአንድ ሳጥን፣ አብሮ የተሠራው በሌላ ሳጥን። 24ቱ ለዋናው ብቻ እንዲጠበቅ ሆነ፤ አብሮ ለተሠራው ገደብ አልተደረገለትም። ቀላል ነገር ነው፤ ግን እሱን ለማሰብ ራስ ላይ እንጨት ተሸክሞ ትምህርት መሸምደድ ምን እንደሚመስል ከሕይወት ማወቅ ሳይረዳ አልቀረም።

ወረቀቱ ለዚህ ዓይነት ነገር የራሱ መድኃኒት ነበረው፤ ኅዳግ። መረጃ ሰብሳቢው ሳጥን ያጣለትን ነገር በእስክሪብቶ ጎን ላይ ይጽፈዋል፤ «ከብት እየጠበቀ ያጠናል» ይላል፤ «እናቷ ስትመልስ ልጅቷ ዝም አለች»፤ «አዲስ አበባ አክስቱ ጋ ነው ተባለ፣ ጎረቤት ግን ሸማ ሊሠራ ሄደ ይላል»። የመጨረሻው ዓይነት ማስታወሻ በተለይ ከጨንቻና ከዶርዜ በሚመጣው ክምር ውስጥ ብርቅ አልነበረም፤ ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ የሸማ ቤቶች ልጅ መላክ የቆየ መንገድ ነው፤ በወላጅ ዘንድ የሙያ ማስተማር፣ በሕግ ዘንድ ደግሞ አንዳንዴ ሕገወጥ ዝውውር። በኮድ ላይ ያ ልጅ «1 = ዘመድ ጋ ይኖራል» ነው። ካርቶኑን የሚፈታው ተማሪ ኅዳጉን አንብቦ ያልፋል፤ የሚያስገባበት ቦታ አልሠራለትምና። አንዳንዱ ግን በትርፍ ደብተር ይገለብጠው ነበር፤ ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አልከፈለውም። እነዚህን ጥናቶች ከሠሩት ሰዎች መሐል የትርፍ ሰዓቱ ተማሪ ብቻ ነው እያንዳንዱን ገጽ በዓይኑ ያየው ማለት ይቻላል፤ ተመራማሪው ሠንጠረዥ ያያል፣ መረጃ ሰብሳቢው የራሱን ቀበሌ ያያል።

የቦታ ኮድ ሌላው የትዝታ መዝገብ ነው። ጨንቻ ላይ ተወልዳ ከዚያ ሳትነቃነቅ ዕድሜዋ ሃምሳውን ያለፈ ሴት በጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ኖራለች፤ በሰሜን ኦሞ ዞን ኖራለች፤ ይህ ዞን እ.ኤ.አ. በ2000 ሲፈርስ በጋሞ ጎፋ ዞን፣ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በጋሞ ዞን፤ ክልሏም ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሲባል ቆይቶ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደቡብ ኢትዮጵያ ሆኗል። የእሷ ጎጆ ከስፍራው አልተነሣም፤ ኮዷ ግን ተደጋግሞ ተለውጧል። ከነባሮቹ ተከፍለው እንደ ጨንቻ ዙሪያ፣ ገረሴና ጋርዳ ማርታ ያሉ ወረዳዎች ሲወጡ ደግሞ የድሮውን ፋይል ከአዲሱ ጋር ማገናኘት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ይህን የሚሠራው እንደተለመደው ተማሪ ነው፤ በአንድ ዓምድ የድሮውን፣ በሌላ ዓምድ የአሁኑን እየደረደረ። መልካም ሠንጠረዥ ለውጡ የተከሰተበትን ዓመትም ይይዛል። ያልያዘውን ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚረዳው ሰው አይገኝም።

ዛሬ ካርቶን የለም፤ ታብሌት ደግሞ አይሸትም። እ.ኤ.አ. በ2008 በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ኦዲኬና ከእሱ የተወለዱት እንደ ኮቦ ያሉ መሣሪያዎች ስልክንና ታብሌትን መጠይቅ አደረጓቸው። አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2016 በታብሌት ተሠራ። ተማሪው አሁን ፕሮግራሙን የሚጽፈው መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት ነው፤ ጥያቄዎቹን በኤክሴል ሠንጠረዥ ይደረድራል፤ ገደቡንና ዝላዩን እዚያው ይጽፋል፤ ታብሌቱ ጎጆው ደጃፍ ላይ ይጮኻል። ትርፉ የማይካድ ነው። ስህተቱ እናትየው ፊት ለፊት ተቀምጣ ሳለች ይታረማል፤ ሁለት ጊዜ ማስገባት ቀረ፤ መጠይቁ በእርግጥ ቤቱ ድረስ ሄዶ መሞላቱን የቦታ ጠቋሚው ይናገራል፤ ቀድሞ ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ሲደረስ በቅጽበት ይላካል። የቃላት ፈተናውም የስህተት ገደቡ ሲሞላ ራሱ ይቆማል።

የጠፋው ኅዳጉ ነው። በታብሌቱ ላይ «ሌላ ካለ ይገለጽ» የሚል ሳጥን አለ፤ ነገር ግን በፀሐይ ላይ ቆሞ፣ በአውራ ጣት፣ በአማርኛ ኪቦርድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ በቀን የተመደበለትን መጠይቅ ለመጨረስ የሚሮጥ ሰው «የለም» ብሎ ያልፈዋል። የ24ቷም መስመር ጩኸቷን ከቢሮ ወደ ደጃፍ አዛወረች እንጂ አልጠፋችም፤ አሁን ጨዋታውን የሚቀንሰው መረጃ ሰብሳቢው ራሱ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ጥናቶች ቃለ መጠይቁን፣ ወላጅም ልጁም ሲፈቅዱ፣ በድምፅ መቅረጽ ጀምረዋል፤ ፈቃዱ ራሱ በፕሮግራሙ ውስጥ የመጀመሪያው ሳጥን ነው፤ «አይሆንም» ከተባለ ቀጣዩ ገጽ አይከፈትም።

ድምፅ ደግሞ ኮድ አይደለም፤ የሚያዳምጠው ሰው ይፈልጋል። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ አራት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ስለዚህ የትርፍ ሰዓት ሥራው መልኩን ቀይሮ ተመልሷል። የቅጂዎቹን ስም የሚያስተካክል፣ የልጁን ስም ከድምፁ የሚቆርጥ፣ በስሙ ምትክ መለያ ቁጥር የሚሰጥ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ እሱን የሚጽፈው ተማሪ አሁንም አለ። ከጎኑ ግን ጋሞኛ አፉን የፈታበት ሌላ ተማሪ ተቀምጧል፤ ከዲታ ወይም ከቦንኬ የመጣ፣ ኮምፒውተር ሳይሆን ሒሳብ ወይም ነርሲንግ የሚማር። ክፍያው ከፕሮግራም ጸሐፊው ያንሳል፤ ይህ ተገቢ አይመስልም። ሕፃን ሲያለቅስና በግ ሲጮኽ ቅጂውን አቁሞ ይመልሳል፤ የልጅቷ መልስ «አዎ» ይሁን «እንጃ» እስኪለይ ሦስቴም አራቴም ያዳምጣል፤ ካልለየለትም በቅንፍ «አልተሰማም» ብሎ ሰዓቱንና ደቂቃውን ያስቀምጣል።